እሁድ ማን ቤት በላችሁ?

ጋሽ ኦላና ማረፉን የነገረችኝ ዓለሚቱ ናት። ከአሶሳ ነው የደወለችው። እንደ ልማዷ ሰላምታውን አላሳጠረችም፤ ጤናዬን፣ ልጆቼን፣ የወገቤን ሕመም ሳይቀር አንድ በአንድ ጠይቃ ስትጨርስ «ቲቸር፣ ጋሽ ኦላና እኮ ዐረፈ» አለችኝ። ዓለሚቱን ባዮሎጂ ያስተማርኳት በልጅነቷ ነው። ዛሬ ራሷ ልጆች አድርሳለች፤ እኔ ግን ለእሷ አሁንም ቲቸር ነኝ። ቀብሩ ጊምቢ ተፈጽሞ ነበር፤ ወሬው ለእኔ የደረሰኝ ከተቀበረ በኋላ ነው።

ስልኩን ዘግቼ አለቀስኩ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ሳቄ መጣ፤ ምክንያቱም ትዝ ያለኝ ቁጣው ነው። ጋሽ ኦላና ሲናደድ ድምፁን ከፍ አያደርግም። መነጽሩን ያወልቅና በሸሚዙ ጫፍ መወልወል ይጀምራል። መነጽሩ እየጠራ በሄደ ቁጥር ሰውየው እየባሰበት እንደሆነ ሁላችንም እናውቅ ነበር። አንዳንድ ስብሰባ ላይ መስተዋቱ የሚያልቅ እስኪመስለን ድረስ ሲወለውለው አይተናል።

የግብርና ባለሙያ ነበር። የቤንሻንጉል ጉሙዝ ክልል ገና መቆም የጀመረበት ጊዜ ነው። አሶሳ ላይ ቢሮ ሁሉ አዲስ ነው፤ አንዱ የሰው ቤት ተከራይቶ ሳሎኑ ውስጥ ሥራ ይጀምራል፣ ሌላው የራሱ ወንበር እስኪገዛለት ከጎረቤት ቢሮ ይዋሳል። ሠራተኛው ከየአገሩ ተመድቦ የሚመጣ ስለሆነ፣ ሻንጣውን በቅጡ ሳይፈታ ስለ ዝውውር ማውራት ይጀምራል። እኔም ከደብረ ብርሃን የመጣሁ ወጣት አስተማሪ ነበርኩ፤ የመጀመሪያውን ዓመት እንዳለ ከሻንጣ እያወጣሁ ነው የለበስኩት። ጋሽ ኦላና ግን ከጊምቢ ሲመጣ ሚስቱን፣ ልጆቹን፣ ላሙን ሳይቀር ጭኖ ነው የመጣው። በዚያን ዘመን ላም ይዞ የተመደበ የቢሮ ባለሙያ አሶሳ ላይ እሱ ብቻ ይመስለኛል። «ወተት የማይታለብበት ቤት ሆቴል ነው» ይል ነበር።

የምንገናኘው በቤተክርስቲያን ነው። ወንጌላውያን ነን። የጸሎት ቤታችን የጭቃ ግድግዳና የቆርቆሮ ክዳን ነበራት፤ ክረምት ላይ ዝናቡ ሲወርድ ሰባኪው አፉን ይዘጋና እስኪያባራ ይጠብቃል። ምዕመኑ እንደ ከተማው ድብልቅ ነው። ከፊት በሠፈራ ከወሎ የመጡ ገበሬዎች፣ መሐል ላይ እንደ እኔ ያሉ አስተማሪዎችና የቢሮ ሠራተኞች፣ ከኋላ ተማሪዎች ይቀመጣሉ። በየወረዳው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እንደ ልብ ስላልነበረ፣ ከካማሺም ከሌላውም የመጡ ልጆች አሶሳ ላይ አንዲት ክፍል ተከራይተው፣ ራሳቸው ቀቅለው እየበሉ ይማሩ ነበር።

እነዚህ ልጆች የወጣት ክፍል ነበራቸው። ነበረን ልበል እንጂ፤ የኮሚቴው ጸሐፊ እኔ ነበርኩ። ቅዳሜ ከሰዓት የራሳችን ፕሮግራም፣ የራሳችን ኳየር፣ የራሳችን ጾም ጸሎት ነበረን። በግቢው ጥግ ደግሞ ልጆቹ ቀርከሃ ቆርጠው፣ ሰንጥቀው፣ አያይዘው በገዛ እጃቸው የሠሩት አዳራሽ አለን። ምሰሶዎቹን ምስጥ እንዳይበላቸው የተቃጠለ ዘይት ቀብተናቸዋል፤ በዚያ ምክንያት የመጀመሪያውን ክረምት ሙሉ ጋራዥ ጋራዥ እየሸተተን ጸለይን። እሁድ ኳየሩ ዩኒፎርሙን ለብሶ ወደ ትልቁ ቤት ይገባል፣ ሁለት መዝሙር ይዘምራል፣ በጎን በር ይወጣና ወደ ቀርከሃው አዳራሽ ይመለሳል። ተማሪውም ተከትሎ ይወጣል። ስብከቱን እዚያው የራሳችን ሰው ይሰብክልናል። ሽማግሌዎቹ የኳየሩ ጊታር ራቅ ስላለላቸው ደስ ብሏቸዋል፤ እኛም ደስ ብሎናል። ከሌላ ከተማ የመጡ እንግዶች እንዲህ ያለ የወጣት አገልግሎት አላየንም ብለው ሲያመሰግኑን እኔ አምኛቸው ነበር።

ጋሽ ኦላና በቤተክርስቲያኒቱ ሽማግሌነት ተመርጦ የወጣቶች ተጠሪ የሆነው በዚህ መሐል ነው። የመጀመሪያው ቅዳሜ መጥቶ ከኋላ ተቀመጠ። መዝሙሩን፣ ጸሎቱን፣ የጥያቄና መልስ ውድድሩን እስከ መጨረሻው በትዕግሥት ተከታተለ። በመጨረሻ አንድ ቃል እንዲናገር ጋበዝነው። በትምህርታችሁ በርቱ፣ ራሳችሁን ጠብቁ የሚለውን የተለመደ ምክር ነበር የምንጠብቀው። ተነሣና «እሁድ ማን ቤት በላችሁ?» አለን።

«ጋሽ፣ ምን ማለት ነው?» አለው ናትናኤል። ናትናኤል የኳየሩ መሪና ጊታር ተጫዋች ነው፤ መልኩም ድምፁም ያማረ፣ ልጆቹ እንደ ታላቅ ወንድም የሚያዩት ልጅ ነበር።

«ምን ማለት ይሆናል? እሁድ። ምሳ። ማን ቤት?»

ልጆቹ እርስ በርስ ተያዩ። ከካማሺ የመጣችው ዓለሚቱ፣ ያን ጊዜ አማርኛ ገና እየለመደች ነበር፣ «እኔ ቤት ነው። እኔ ብቻዬን ነው የሚበላው። ሽሮ» አለች። ሽሮው ሁሉንም አሳቃቸው፤ ከሁሉም ቤት ያለው እሱ ነበርና። ጋሽ ኦላና አልሳቀም።

«እሺ። የእማማ ላቀችን ቤት የሚያውቅ አለ?»

እማማ ላቀች በጎን በሩ አጠገብ የሚቀመጡ አሮጊት ናቸው። ኳየሩ ሲወጣ በፊታቸው ነው የሚያልፈው፤ እሳቸውም እጃቸውን ዘርግተው የሚያልፈውን ልጅ ሁሉ ዩኒፎርም ጫፍ ዳሰስ ያደርጋሉ። እጃቸውን ሁላችንም እናውቀዋለን። ቤታቸውን የሚያውቅ ጠፋ።

«ከታመሙ ሰንብተዋል» አለ ጋሽ ኦላና። «ቦታቸው ባዶ መሆኑን ያየስ?»

ያየም አልነበረም። መነጽሩን አወለቀ።

እውነቱን ለመናገር በጣም ነበር የተናደድኩት። ሳምንቱን ሙሉ ለፍተን ያዘጋጀነውን ፕሮግራም አንድም ጥሩ ቃል ሳይናገርለት፣ ስለ ምሳና ስለ አሮጊት ጠይቆን ወጣ። ከዚያ በኋላም አልተወንም። መንገድ ላይ ተማሪ ሲያገኝ እንደ ሌሎቹ ሽማግሌዎች «መንፈሳዊ ሕይወትህ እንዴት ነው?» አይልም። «እሁድ ማን ቤት በላህ?» ነው የሚለው። ልጆቹ መቀለጃ አደረጉት፤ ገና ከሩቅ ሲያዩት «ምሳ መጣ» ይባባላሉ። ቀልዱን እሱም ሰምቷል። «ምሳ መጣ ካሉ አንድ ነገር ገብቷቸዋል ማለት ነው» አለኝ።

ነገሩ ከየት እንደመጣበት የገባኝ አንድ እሁድ እጄን ይዞ ቤቱ ወስዶኝ ስንበላ ነው። ጋሽ ኦላና ሲበላ ችኩል ነው፤ ለሌላው እያጎረሰ የራሱን ይጨርሳል። ሚስቱ እትዬ ሲዲሴ ቀልደኛ ናቸው፤ «እኔን አግብቶ ያመጣኝ ሆቴል ሊከፍት ኖሯል» እያሉ የማያውቁትን ሰው ሁሉ ያበላሉ። ያን ቀን ጋሽ ኦላና የካማሺን ነገር አጫወተኝ። ለመስክ ሥራ ሄዶ ነበር። ካማሺ ለመግባት በወለጋ በኩል መዞር ነው፤ መኪናው ጭቃ ሲይዘው እየወረዱ እየገፉ ደረሱ። እዚያ ምትኩን አገኘው። ምትኩ የኳየራችን ሶሎ ዘማሪ የነበረ፣ ትምህርቱን ጨርሶ ወደ አገሩ የተመለሰ ልጅ ነው። እኛ ምስክርነት ላይ የአገልግሎታችን ፍሬ ብለን ስሙን የምንጠራው እሱን ነበር። እዚያ አንደኛ ደረጃ ያስተምራል። ጋሽ ኦላና ደስ ብሎት «እሁድ አብረን ቤተክርስቲያን እንሂድ» ቢለው፣ ለካ ምትኩ ከመጣ ጀምሮ ሄዶ አያውቅም።

«ለምን ብዬ ጠየቅኩት» አለኝ ጋሽ ኦላና፤ መብላቱን አቁሟል። «‹ጋሽ፣ ወጣት ክፍል የላቸውም እኮ› አለኝ። ከማንጎ ዛፍ ሥር የሚሰበሰቡ ሽማግሌዎችና እናቶች ናቸው። አንድ ገበሬ ይሰብካል። ‹ኳየር የለ፣ ጊታር የለ፤ እኔ እዚያ ገብቼ ምን አደርጋለሁ?› አለኝ። እይ አስተማሪዋ፣ ልጁ አልካደም። ያሳተውም የለም። ያስተማርነውን ነው ያደረገው። ከሽማግሌ ጋር መቀመጥን መቼ አስተማርነው?»

ትሪውን ወደ እኔ ገፋ አድርጎ ቀጠለ።

«ለወጣት ክፍል አሳደግነው። ወጣትነቱ ሲያልቅ ምን ይቀረዋል? ይሄ ሁሉ ተማሪ ነገ ይበተናል። ካማሺም ይሂድ መተከል፣ የሚጠብቀው ያ የማንጎ ዛፍ ነው። አንድ በአንድ እናጣቸዋለን፤ የጣልናቸውም እኛው ነን።»

ይህን ሲል ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር። ወንድ ልጅ ምሳ እየበላ ስለ ሌላ ሰው ልጅ ሲያለቅስ ያን ቀን አየሁ። ቢሆንም አልተሸነፍኩለትም። ቅዳሜያችንን እወደው ነበር።

ብዙ ሳይቆይ ሐሳቡን ይፋ አወጣው። የቅዳሜው ፕሮግራም ለጊዜው ይቁም፤ ተማሪው እሁድ ከስብከቱ በፊት አይውጣ፤ እያንዳንዱ ልጅ አንድ ቤት ይኑረው፤ ምሳውን እዚያ ይብላ፤ የታመመ ሲጠየቅ፣ የሞተ ሲቀበር፣ ግቢ ሲጠረግ ከዚያ ቤት ሰው ጋር አብሮ ይሁን፤ በሽማግሌዎች ስብሰባም ከወጣቱ ሰው ይቀመጥ። ሁለቱም ወገን ጮኸ። የሽማግሌዎቹ ሰብሳቢ ጋሽ ካሳ፣ ከወሎ በሠፈራ የመጡ ገበሬ፣ ጢማቸውን እየጎተቱ «ኧረ እናንተዬ፣ ይሄ ሰው ምን ነክቶታል? እኔ የገዛ ልጆቼን አሳድጌ ተገላገልኩ ብል፣ ጊታር ያዘለ ጎረምሳ ቤቴ ሊያስገባብኝ ነው?» አሉ። በእኛ በኩል ናትናኤል አላቅማማም። «አገልግሎቱን ሊገድለው ነው። ሽማግሌዎቹ ከተቀበሉት፣ ቤት ተከራይተን የራሳችንን ኅብረት እንጀምራለን» አለ። ኮሚቴው ተስማማ። በዓመታዊው የወጣቶች ኮንፈረንስ ላይ ልናሳውቅ ወሰንን። ያ ቢሆን ኖሮ ጋሽ ኦላና ልጆቹን በሙሉ በአንድ ቀን ያጣ ነበር፤ ይህንንም ያውቃል።

የኮንፈረንሱ መሪ ቃል «ፍቅር በሥራ» የሚል ነበር። ናትናኤል በነጭ አቡጀዲ ላይ በቀይ ቀለም አሳምሮ ጻፈውና ከመድረኩ በላይ ሰቀልነው። እንግዳ ሰባኪ ከነቀምት አስመጣን። ክረምት ነው። በዋዜማው እማማ ላቀች ዐረፉ።

ኮሚቴው ተሰብስቦ ተነጋገረ። ቀብሩ የሚውለው ልክ ፕሮግራሙ ሲጋመስ ነው። እንግዳው መጥቷል፣ ሰው ተጠርቷል፣ ወጡ ተሠርቷል። «በጸሎት እናስባቸዋለን» ተባለና ጸሐፊዋ እኔም በፕሮግራሙ ላይ አንድ መስመር ጨመርኩ። በማግስቱ በትልቁ ቤት እንግዳው እየጮኸ ስለ ፍቅር ይሰብካል፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፣ እኛ አሜን እንላለን። በሩ ተከፈተ።

ጋሽ ኦላና ነበር። እስከ ጉልበቱ ጭቃ ነው። ዝናቡ ከባርኔጣው ጫፍ እየወረደ መነጽሩን ሸፍኖታል፤ እሱ ግን አልወለወለውም። ከኋላው በግቢው በር በኩል የሚያልፉት ለቀስተኞች ይታያሉ። አብዛኞቹ ሽማግሌዎች ናቸው።

«መሸከሚያ ሰው አንሶናል» አለ።

ሰባኪው ቆመ። ናትናኤል ቀስ ብሎ «ጋሽ፣ ፕሮግራም ላይ ነን» አለው።

«አያለሁ» አለ ጋሽ ኦላና። የተሰቀለውን ጨርቅ አየው። ተግሳጽ መጣ ብዬ ጠበቅኩ፤ አልተናገረም። በሩን ይዞ ቆመ።

ዓለሚቱ ተነሣች። ሸራ ጫማዋን አውልቃ በእጇ ያዘችና በአጠገቡ አልፋ ወጣች። ከዚያ ሌላው ተነሣ፣ ቀጥሎ ሌላው። እኔም ወጣሁ። እንግዳው ሰባኪ ራሱ መጽሐፍ ቅዱሱን በኮቱ ውስጥ አድርጎ ተከተለን። ናትናኤል መጨረሻ ላይ መጣ።

ሳጥኑን በቃሬዛ የያዙት ሰዎች ትንፋሽ አጥሯቸዋል፤ ወደ መቃብሩ የሚያወርደው ቁልቁለት ደግሞ ያንሸራትታል። ልጆቹ ተቀበሏቸው። ስንደርስ ጉድጓዱ አላለቀም፤ ውሃ እየሞላው በጣሳ ይቀዳሉ። ጋሽ ካሳ ከውስጥ ሆነው ይቆፍሩ ነበር። ናትናኤል ከነነጭ ሸሚዙ ገባና ዶማውን ከእጃቸው ወሰደ። «በቀስታ፣ አፈሩ ይናዳል» አሉት፤ ከዚያ ወዲያ ሁለቱ እየተቀባበሉ ቆፈሩ። አንዳቸውም ስለ ጊታር አላነሱም።

ሳጥኑ ከመውረዱ በፊት እንደ ደንቡ የሕይወት ታሪክ መነበብ አለበት። ሰው ሁሉ ጋሽ ካሳን አየ። ጋሽ ካሳ «በአንድ መኪና ነው የመጣን። ባሏን እዚሁ ነው የቀበረች። ከዚያ ወዲያ... እኔ ምኑን አውቄ?» አሉ። ከዚያ ሁሉም ጋሽ ኦላናን አየው። ቤታቸው ሲመላለስ የከረመው እሱ ነዋ።

ባርኔጣውን አወለቀ። «የሕይወት ታሪካቸው አልተዘጋጀም» አለ። «ጊዜ አጥተን አይደለም። አናውቀውም። እነዚህን ልጆች የእማማ ላቀችን ቤት አታውቁም ብዬ አሳፍሬአቸዋለሁ። እኔ ቤታቸውን አውቃለሁ። እገባለሁ፣ እጸልያለሁ፣ ያቀረቡልኝን በልቼ እወጣለሁ። የተወለዱበት ቀዬ ማን እንደሚባል አንድ ቀን አልጠየቅኳቸውም። ልጅ ይኑራቸው አይኑራቸው አላውቅም።» ባርኔጣውን መልሶ ደፋ። «እኔም እንደ እናንተው ነኝ» አለና ወደ ኋላ ሄደ።

እዚያ የቆምነው ሁሉ፣ ከፊት የሚቀመጠውም ከኋላ የሚቀመጠውም፣ ያን የመሰለ እፍረት ተሰምቶን አያውቅም። በየሳምንቱ በእጃቸው የሚዳስሱንን እናት ያለ ታሪክ ቀበርናቸው። ያን ቀን ስለ መገንጠል የተናገረ አልነበረም። ከቀብር ስንመለስ ለኮንፈረንሱ የተሠራውን ወጥ ወደ እማማ ላቀች ቤት ወስደን፣ ሽማግሌውም ተማሪውም ከአንድ ትሪ በላ። ቤታቸው ጠባብ ስለነበር ብዙዎቻችን ደጅ ከጣራው ሥር ቆመን ነው የበላነው።

በሚቀጥለው እሁድ ምዕመኑ ሲሰበሰብ ቀድመው የተነሡት ጋሽ ካሳ ናቸው። «ይሄን ሰው ስቃወም የኖርኩ እኔ ነኝ። አሁንስ ደከመኝ። ልጆቹ ይምጡብን» አሉ። ሰው ሳቀ፤ ውሳኔውም አለፈ። ናትናኤል እጁን አላወጣም። ልቡ እንዳልተቀበለው ፊት ለፊት ተናገረ፤ በኋላም ከጥቂት ልጆች ጋር ወጥቶ የራሱን ኅብረት ጀመረ። አልፈርድበትም፤ ቢያንስ አላስመሰለም።

ነገሩ ሁሉ አማረ ብዬ ብናገር ጋሽ ኦላና ራሱ አይወድልኝም። ኳየሩ እናቶች ሲገቡበት ዜማው ተበላሸ፤ ይህ ግልጽ ነው። አንዳንዱ ቤት ተማሪውን በነፃ የተገኘ ሠራተኛ አደረገው። አንድ ልጅ እሁድ እሁድ በቆሎ ሲያርም መዋሉን ጋሽ ኦላና ሲሰማ፣ እዚያ ቤት ገብቶ መነጽሩን እየወለወለ «ለምሳ ነው የላክንላችሁ፤ ለአረም አይደለም» ብሏቸዋል። ተማሪዎቹም ቢሆኑ የሽማግሌ ወሬ ማዳመጥ ሲሰለቻቸው ራሴን አመመኝ እያሉ ይቀሩ ነበር። የቅዳሜዎቹ ነገር እኔን አሁንም ይናፍቀኛል፤ ያ ሁሉ ከንቱ ነበር የሚለኝ ሰው ቢኖር እጣላዋለሁ።

ግን ያየሁትንም ልናገር። ጋሽ ካሳ ማንበብ አይችሉም ነበር፤ ከመንጌ በኩል የመጣ አንድ ተማሪ እሁድ እያነበበላቸው፣ እሳቸው ደግሞ «ቆይ፣ እሷን ድገማት» እያሉ እስኪመሽ ይይዙት ነበር። ልጁ አባቱ የሞቱበት ነው፤ ያን ዓመት ጋሽ ካሳን አባባ ማለት ጀመረ። በሽማግሌዎች ስብሰባ ላይ ዓለሚቱ ተነሥታ «እናንተ የሴት ልጅ ቀሚስ ብቻ ነው የምታዩት። ልጅ ሲታመም አታዩም» ስትላቸው መሬት መሬት ሲያዩ እዚያ ነበርኩ። ከዚያ ወዲህ ተማሪ ሲታመም የሚጠይቅ ሰው አልጠፋም። ዓለሚቱ ትምህርቷን ስትጨርስ ካማሺ ተመልሳ፣ እዚያው የማንጎ ዛፍ ሥር ከእናቶቹ ጋር መቀመጧን ጋሽ ኦላና ከመስክ ሲመለስ ነገረኝ። «መሐላቸው ናት። ስትስቅ ከሩቅ ይሰማል» አለኝ። እሱን ሲናገር የነበረውን ደስታ እስከ ዛሬ አልረሳውም። ወዲያው ግን ፊቱ ጠቆር አለ። «ናትናኤልን ግን ቤቴ አንድ ቀን ምሳ አላበላሁትም። መጀመሪያ እሱን ጠርቼ ባበላውና ብሰማው ኖሮ ይወጣ ነበር? በመነጽሬ አስፈራራሁት እንጂ አልሰማሁትም» አለ። ይህ ነገር እንደቆጨው ነው የኖረው።

እኔ ተዛወርኩ። እሱም ከጥቂት ዓመታት በኋላ ጊምቢ ገባ፤ እንደ ሰማሁት እትዬ ሲዲሴ ላሟን ካልጫንክ አልሄድም ብለው አስቸግረዋል።

ለመጨረሻ ጊዜ ያየሁት ለሠርግ ጊምቢ በሄድኩበት ጊዜ ነው። ሸብቷል፣ በምርኩዝ ነው የሚሄደው። እሁድ ቤተክርስቲያኑ ይዞኝ ሄደ። ትልቅ የድንጋይ ሕንፃ ነው፤ ድምፅ ማጉያው ጆሮ ያደነቁራል። የወጣቶች ኳየር ወጣ፣ አሳምሮ ዘመረ፤ ከዚያ በእኛ አጠገብ ተሰልፎ አልፎ ወጣ። ሌላውም ወጣት ተከተለ። ለጋሽ ኦላና አንገቱን ዝቅ ያደረገለት ልጅ አላየሁም። ቤቱ በአንዴ የሽማግሌ ብቻ ሆነ።

ደሜ ፈላ። «ጋሽ ኦላና፣ አንተ ባለህበት ቤተክርስቲያን እንዲህ ይደረጋል?» አልኩት በሹክሹክታ።

«ብዙ ተናግሬአለሁ» አለኝ። «አሁን ሽማግሌዎች ውስጥ የለሁበትም፤ ሽማግሌ ብቻ ነኝ። የሚሰማኝ የለም።» ምርኩዙን መሬት ላይ ተክሎ መነሣት ጀመረ። ሰባኪው ወደ መድረኩ እየወጣ ነው፤ ሰው ዞሮ አየን።

«ወዴት ነው?»

«ደግፊኝ።»

ግቢውን አቋርጠን፣ ደረጃውን አንድ በአንድ ወጥተን የወጣቶቹ አዳራሽ ደረስን። በሩን ስከፍትለት ፊት ቆሞ የሚናገረው ልጅ ንግግሩን አቋረጠ። ፕላስቲክ ወንበር ላይ የተቀመጠው ሁሉ ዞረ። ልጁ ጨዋ ነው፤ ወረድ ብሎ መጣና «አባባ፣ የጠፋብዎት ነገር አለ?» አለው።

«አዎ» አለ ጋሽ ኦላና ትንፋሹን እየሰበሰበ። «እናንተ ጠፋችሁብኝ።»

ማንም አልሳቀም። ከኋላ የነበረች አንዲት ልጅ ተነሥታ ወንበሯን አመጣችለት። ተቀመጠ፤ ምርኩዙን ጉልበቱ ላይ አጋደመና ልጁን «በል ቀጥል» አለው።